የፍሪዘሯ ሳንቲም

የእህቴ ሰርግ በተነሳ ቁጥር ቤተሰባችን የማይጠግባት አንዲት ወሬ አለች። «ያቺ መተተኛ ሠራተኛ ትዝ ትላችኋለች?» ይላል አንዱ። «ፍሪዘር ውስጥ ሳንቲም የቀበረችው!» ይላል ሌላው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞሩና «ይቺ ናት ያጋለጠቻት፣ በዘጠኝ ዓመቷ!» ይላሉ። እኔም ድሮ ደረቴን ነፍቼ ከሀ እስከ ፐ እተርክላቸው ነበር። ጉንጬን እየሳሙ ስንቴ አስደገሙኝ! ዛሬ ያቺን ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እስቲ አንዴ እንኳ እንደሆነው ላውራት።

ነገሩ ካዛንቺስ ነው፣ ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ መብራት በፈረቃ የነበረ ጊዜ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ ነበረ፤ ፍሪዘር የነበረን ግን እኛ ብቻ ነን። አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሸጠ ፈረንጅ የተገዛች፣ እንደ ሳጥን ከላይ የምትከፈት ነጭ ፍሪዘር ሳሎናችን ጥግ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች። የግቢው ሰው የበዓል ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ዶሮውን እሷ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፍሪዘሯ የእናቴ ትሁን እንጂ አዛዧ ቢሊሴ ነበረች።

ቢሊሴ የቤታችን ሠራተኛ ናት። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ ታጥብ ነበር፤ የፍሪዘር ነገር የተማረችው እዚያ ካሉት ሼፍ ነው። ማዞሪያውን ከእሷ በቀር ማንም አይነካም። ክረምት ላይ ሦስት ቁጥር፣ የካቲት አልፎ ፀሐይዋ ስትከር አምስት፣ ፈረቃ ሲጀመር ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ ሰባት። ባዶ ቦታ ካለ በሃይላንድ ውሃ ሞልታ ትጠቀጥቀዋለች፤ የቀዘቀዘ ነገር ሲበዛ እርስ በርሱ ይጠባበቃል ትላለች። መብራት ሲሄድ ወፍራም ብርድ ልብስ ታለብሳታለች፣ ሲመጣ «አሁን ትተንፍስ» ብላ ትገፍላታለች። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ታርቃታለች። በረዶዋን በእንጨት ማንኪያ እንጂ በቢላ አታስነካም። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ምን ፈልጌ እንደነበር ሳስብ ከጓዳ ትጮህብኛለች፦

«መጀመሪያ አስቢ፣ ከዚያ ክፈቺ!»

ዛሬ እኔ የምሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ «ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቢሊሴ ቴርሞሜትር ዓይታ አታውቅም። ግን በጣቷ ቅቤውን ጫን ታደርግና «ዛሬ ደክሟታል» ወይ «ዛሬ ደህና ናት» ትላለች፤ ስታም አታውቅም።

ጎረቤታችን እትዬ ሪሐና ሙስሊም ናቸው። የእሳቸውን ሥጋ ቢሊሴ ለብቻው፣ በአረንጓዴ ክር በታሰረ ፌስታል፣ በቀኝ በኩል ታስቀምጠዋለች። የእኛ በግራ ነው። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አደባልቃ አታውቅም። «ይቺ ልጅ አማና፣ የሰው አደራ ታውቃለች» ይሉ ነበር እትዬ ሪሐና።

እህቴ ልታገባ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እሁድ ተቆርጧል። በዋዜማው ሳምንት ሰኞ ሃያ አራት ዶሮ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ብልት በብልት ተቆራርጦ ፍሪዘሯ ውስጥ ገባ። የዚያን ዕለት ማታ ቢሊሴ በአንዲት ውስጧ በምትታይ የላስቲክ ኩባያ ውሃ አድርጋ ዶሮው መሃል አስቀመጠች። በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ውሃው በረዶ ሆኖ፣ ከቀሚሷ ኪስ አሥር ሳንቲም አውጥታ በረዶው ላይ ጣል አደረገች። አንድ ነገር በኦሮምኛ አጉተመተመች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዘበኛ ናት» አለችኝ፣ እየሳቀች። «እኔ በሌለሁበት የሆነውን ሁሉ ስመጣ ትነግረኛለች።»

ሳንቲም ያወራል እንዴ? ቀኑን ሙሉ እሱን ሳብሰለስል ዋልኩ። አሁን ሳስበው ያጉተመተመችው «አደራ» ዓይነት ነገር ነበር፤ የሰው ሃያ አራት ዶሮ ትቶ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይላል? ማለቴ፣ ልትሄድ ነበር። እታለም መጥታ ልትወስዳት በር ላይ ቆማለች።

እታለም የምንላት የእናቴን ታላቅ፣ አክስታችንን ጥሩዬን ነው። የሰርጉ አዛዥ እሷ ነበረች። እናቴ እንኳ ጨው ለመጨመር እሷን ነው የምታስፈቅደው። ቢሊሴን ላንቻ ካለው ቤቷ ወስዳ የድግስ ዕቃ ልታሳጥባት፣ በርበሬ ልታስነፋት ፈልጋ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ።

«ፍሪዘሯስ?» አለች ቢሊሴ። «ዛሬ መብራት የለም እኮ እትዬ። ነገ ሲመጣ ማን ያያታል?»

«ፍሪዘር ሕፃን ነው እንዴ ሞግዚት የሚቀጠርለት? በይ ነይ!»

ቢሊሴ ብርድ ልብሱን አልብሳት፣ ክዳኑን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

ረቡዕ መብራት መጣ። እናቴ ከእህቴ ጋር ቬሎ ልትለካ ወጥታለች፤ ቤት እኔ ብቻ ነኝ። እታለም ካስኳን አሸክማ ከች አለች። ፀጉር ቤት እከፍታለሁ ብላ ገዝታው ሳትከፍት የቀረች ካስክ ነው፣ ራስ ላይ ተደፍቶ ፀጉር የሚያደርቀው። ለሰርጉ እሱን ልትሞክረው ነው። ሳሎናችን ውስጥ ከባድ ዕቃ የሚችለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። እታለም ከፍሪዘሯ ጀርባ እጇን ሰደደች፤ ነቀለች። ፍሪዘሯ ተንቀጥቅጣ ዝም አለች።

መጀመሪያ እሷ ገባች። ከዚያ «ነይ እስቲ አንቺም ሙሽራ ሁኚ» ብላ ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቅልላ አስገባችኝ። ኧረ ደስታዬ! ጆሮዬ እየጋለ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ንፋሱ እየጮኸ፣ አገሩ ሁሉ የእኔ መሰለኝ። ስወጣ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ተዘናፍሏል። እታለም ወደ ኋላ ሰብስባ በላስቲክ አሰረችልኝና ጣቷን አፌ ላይ አደረገች።

«ካስክ ገባሁ ብለሽ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። የልጅ ፀጉር ያሳሳል ብላ ትገለኛለች። ማንም ቢጠይቅሽ አላየሁም፣ አልሰማሁም። እሺ?»

«እሺ።»

ካስኳን ይዛ ሄደች። ፍሪዘሯን መልሳ አልሰካችም። እኔ መስታወት ፊት ነበርኩ፤ ዝም ማለቷንም ልብ አላልኩ።

ሐሙስ መብራት የለም። ዓርብ ጠዋት መጣ። እታለም ልትጎበኝ ገብታ ከፍሪዘሯ ጎን ስትደርስ «ወይኔ ጉዴ!» ስትል ሰማሁ። ጎንበስ አለች፤ ፍሪዘሯ ማጉረምረም ጀመረች። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘችና ቶሎ ዘጋችው። እኔ እግሯን ያጋጫት መስሎኝ «አመመሽ?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለችኝ። ማክሰኞ መብራት የለም፣ ረቡዕ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ሐሙስ መብራት የለም። በሚያዝያ ሙቀት ሦስት ቀን! ይሄን ሂሳብ አንድ ሕፃን ላያውቅ ይችላል። የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ግን ታውቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሊሴ ከላንቻ ተመለሰች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሽንኩርቱ እየተከተፈ ነው፣ ሴቶቹ ዶሮ እየጠበቁ ነው። ቢሊሴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፍሪዘሯን ከፍታ መጀመሪያ ያወጣችው ዶሮ አልነበረም። ያቺን ኩባያ ነው። ወደ ብርሃኑ አንስታ አየቻትና ክው አለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። እታለም ተከትላት ገባች።

«እትዬ፣ ላይ ነበረ» አለች ቢሊሴ። «አሁን ታች ወርዷል።»

«ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።»

«ይሄ ከተበላ ሰው ይታመማል። ሙሽራዋም ብትሆን አትተርፍም።»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

እታለም ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሰማሁት። ለእኔ ግን የሰማሁት በቅቶኝ ነበር። የሚያወራ ሳንቲም! ላይ የነበረ፣ ታች የወረደ! ታች ሲወርድ ሙሽራ የሚታመም! እግሬ አውጪኝ ብዬ ድንኳኑ ሄድኩና እናቴን ቀሚሷን ይዤ ጮኽኩ፦

«እማዬ! ቢሊሴ ፍሪዘር ውስጥ ሳንቲም ቀብራለች! ታነጋግረዋለች! እህቴ ትታመማለች ብላለች!»

የሴቶቹ ቢላ ሁሉ ቆመ። አንዷ «በስመ አብ!» አለች። እናቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። የግቢው ሽማግሌ ጋሼ ወልደአማኑኤል ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ቤት መሩን። ኩባያዋ ፍሪዘሯ ክዳን ላይ ተቀምጣለች፤ በረዶው ንጹሕ ነው፣ አሥር ሳንቲሟ ሥሩ ላይ ተለጥፋ ትታያለች። ጋሼ ወልደአማኑኤል በእጃቸው አልነኳትም። የከሰል መቆንጠጫ አስመጥተው በእሱ አነሷት።

«ይሄ መተት ነው» አሉ። «በረዶ ሥር ሳንቲም ምን ይሠራል?»

«አይደለም!» አለች ቢሊሴ ከጓዳ እየወጣች። «ፍሪዘሯ ጠፍታ ነበር። ውሃ ሆኖ ነው የወረደው። ከዚያ እንደገና ቀዘቀዘ። ዶሮው ተበላሽቷል፣ አትብሉት!»

ጋሼ ወልደአማኑኤል አንድ የዶሮ ብልት አንስተው ክዳኑ ላይ ኳ ኳ አደረጉት። «ይኸው ድንጋይ ነው። ምኑ ነው የተበላሸው?»

ሁሉም ወደ እታለም አየ። እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው። አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ፣ «እኔ ነኝ፣ ረስቼ ነው» ብትል፣ አዲስ ዶሮ ይገዛ ነበር፣ ሰርጉም ይሠረግ ነበር፣ በቃ! እታለም ግን ነጠላዋን አስተካከለችና «እኔም ጠርጥሬያት ነበር» አለች።

እትዬ ሪሐና ብቻ በር ላይ ቆመው «ቆይ እስቲ፣ ልጅቷ ትናገር እንጂ! ሦስት ዓመት የኔን ከናንተ ለይታ ያኖረች ልጅ ናት» አሉ። ማን ሰምቷቸው! ቢሊሴ ዙሪያዋን አየች፣ አየችና እኔ ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ዘሪቱዬ፣ አንቺ ቤት ነበርሽ። ሶኬቱን ማን ነቀለው? አይተሻል አይደል? ንገሪያቸው።»

ከትከሻዋ በላይ እታለም ትታየኛለች፤ ጣቷ አፏ ላይ ነው። እናቴም እዚያው ቆማለች። ካስክ ገባሁ ካልኩ እናቴ ልትቆጣ ነው፣ እታለምን ልትጣላት ነው፣ ፀጉሬ ሊሳሳ ነው። የእኔ ጭንቀት ይሄ ነበር! የሰው ልጅ ስም ፊቴ ተቀምጦ እኔ ስለ ፀጉሬ አስብ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

ቢሊሴ እጇን ከትከሻዬ አነሳች። ልብሷን በአንድ ፌስታል አድርጋ ወጣች። እናቴ ለሰርጉ ያሰፋችላትን ቀሚስ አስቀርታባታለች፤ «መተተኛ በልጄ ሰርግ ልብስ አትወጣም» ብላ። ኩባያዋን ጠበል ረጭተው ከግቢው ውጭ ቦይ ውስጥ ጣሏት። ከዚያ እታለም ራሷ ዶሮውን በሎሚና በጨው አሸች። ሦስት ውሃ፣ አራት ውሃ አጠበችው። «ኧረ ይበቃዋል» ሲሏት «ለሙሽራ ነው፣ ይጥራ» አለች። ሴቶቹ ሙያዋን አደነቁ።

እሁድ ተበላ። ሰኞ ግማሽ ሰርገኛ አልጋ ላይ ነበር። የሙሽራው እናት ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ሦስት ቀን ተኙ። እህቴ ለመልሷ መቆም አቅቷት ባሏ ደግፎ አስገባት። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ «ያቺ ልጅ አትብሉ ብላን ነበር» ያለ አለ? «ይኸው! መተቷ ያዘ!» ነው ያሉት። የነገረቻቸው እውነት መልሶ እሷኑ ወንጀለኛ አደረጋት። እኔ ደግሞ ተሳምኩ። እታለም ጫማ ገዛችልኝ።

ወሬው በካዛንቺስ ተዳረሰ። ቢሊሴ ሁለት ቤት ተቀጥራ ሁለቱም ሲሰሙ እንዳባረሯት የነገሩኝ እትዬ ሪሐና ናቸው፣ ካደግሁ በኋላ። ከዚያ ወዲያ ከሰፈሩ ጠፋች። ወዴት እንደሄደች እሳቸውም አያውቁም።

አሁን እኔ መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ ሆቴል ስቶር ኪፐር ነኝ። እንደተቀጠርኩ ሰሞን ስለ ምግብ አያያዝ ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ ቀጭን ሰውዬ ነው፣ በጣም ነው የሚያሰለች። «መብራት በጠፋ ጊዜ እናንተ ከሌላችሁ ፍሪዘሩ መቅለጥ አለመቅለጡን በምን ታውቃላችሁ?» አለ። «ኩባያ ውሃ አቀዝቅዙና ሳንቲም ላዩ ላይ አድርጉ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ካለ ደህና ነው።»

እጄን አውጥቼ «ታች ከወረደስ?» አልኩት።

«ያለውን ሁሉ ጣሉት። ሰው ይታመማል።»

ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ ለቅሶው ወደ ንዴት ተለወጠ። ቢሊሴ ያለችው ቃል በቃል ይሄንኑ ነው! ለዚህ ሰውዬ አበል ተከፍሎት፣ ሻይና ኬክ ቀርቦለት ሰማነው። ለእሷ የከሰል መቆንጠጫ አመጣንላት።

ያኔም ቢሆን ለእታለም ምክንያት አላጣሁላትም። ሶኬቱን ረስታ ነው፣ ደንግጣ ነው፤ የሳንቲሙን ነገር ግን እንደማንኛችንም አላወቀችውም፣ እሷም መተት መስሏት ይሆናል አልኩ። ደም ነዋ! እንደዚያ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው እሁድ ላንቻ የተከራየሁት ቤት ልትጠይቀኝ መጣች። አርጅታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ጣሳ ቅቤ ይዛልኛለች። «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አስገባዋለሁ» ብላ ፍሪዘሬን ከፈተች። እኔም ያቺኑ ዓይነት ኩባያ ውስጡ አለኝ፤ ከዚያ ሥልጠና ወዲህ ተለይታኝ አታውቅም። እታለም ቅቤውን ልታስጠጋ ኩባያዋን ገፋ አደረገቻት፣ አየት አደረገቻትና እንደ ቀላል ነገር እንዲህ አለች፦

«ላይ ነው። ደህና ነው።»

የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ እጄ ላይ ቀረ። እሷም ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ክዳኑን ይዛ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«እታለም፣ ሳንቲሙን ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

«ያኔ... ጓዳ ውስጥ ነገረችኝ» አለች። «ሁሉንም ነገረችኝ።»

«እና አወቅሽ። ሰው እንደሚታመም አወቅሽ። እያወቅሽ በሎሚ አጠብሽው!»

«ሰርግ ነበረ እኮ ዘሪቱ! ሃያ አራት ዶሮ በአንድ ቀን ከየት ይመጣል? የሙሽራው ወገን ምን ይለናል? ትንሽ ሆድ ቢነክስ ያልፋል ብዬ ነው። እሷስ ብትሆን ሠራተኛ ናት፣ ሌላ ቤት ታገኛለች አልኩ።»

«አላገኘችም!» ጮኽኩ። «ስሟን በልተሽባት የት ታገኛለች?»

ያን ጊዜ ዞረች። ዓይኗ እንባ አዝሏል፤ አፏ ግን የድሮው አፏ ነው። «አንቺስ?» አለችኝ። «ፀጉርሽን በማን መብራት ነው የሠራሁልሽ? እኔ አፍሽን አላሰርኩትም። አላየሁም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ልላት ፈለግሁ፤ እውነትም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግን ከዘጠኝ ዓመቴ በኋላ ያንን ወሬ ስንት ጊዜ እየሳቅሁ አወራሁት? ሥልጠናውን ከሰማሁስ በኋላ ስንት በዓል ዝም ብዬ አሳለፍኩ? ስልኬን አነሳሁና እህቴ ጋ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እታለም «ተይ፣ በእናትሽ!» እያለች ክንዴን ያዘችኝ።

«ሄሎ፣ ዘሪቱ! ደህና ነሽ?» አለች እህቴ። ከጀርባዋ የልጆቿ ጫጫታ ይሰማል።

«ስሚኝ» አልኳት። «በሰርግሽ ጊዜ መተት የሚባል ነገር አልነበረም። ፍሪዘሯን የነቀልናት እኛ ነን፣ እኔና እታለም። ፀጉራችንን ልንሠራ። ቢሊሴ እውነቷን ነበር።»

አንዱን ልጇን «ዝም በል እስቲ» አለችው።

«ቢሊሴ ደግሞ ማናት?» አለችኝ።